የበጋ ጫማ በዲላ ገበያ፤ ለዐይን የሚያምር፥ ለእግርም የሚመች



የኅዳር ወር ሲገባ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ገበያዎች ሁለት ነገሮች አብረው ይደርሳሉ። አንደኛው ዝናቡ ጋብ ብሎ መንገዱ መድረቁ ነው። ሁለተኛው የቡናው ፍሬ ከዛፉ ወርዶ በገበሬውና በነጋዴው እጅ ገንዘብ መግባቱ ነው። በዚህ ወቅት ሰው ሁሉ በእግሩ ይወጣል፤ ዘመድ ይጠይቃል፥ ገበያ ይውላል፥ ሠርግ ይታደማል፤ እንግዳም ከሩቅ አገር ይመጣል። በእግሩ የሚወጣ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጫማው ነው። ስለዚህ በዛሬው እትማችን፥ አነስተኛ ዕቃ መስሎ ስለሚታየው፥ ነገር ግን የባለሱቁን ስም ከፍ ወይም ዝቅ የማድረግ ኀይል ስላለው ስለ በጋ ክፍት ጫማ፥ ማለት ስለ ሰንደል፥ ጥቂት ማውሳት መልካም ሆኖ አግኝተነዋል።

ሰንደል በብዙ ሱቆች እንደ መስኮት ጌጥ ይቆጠራል። ቀለሙ ከደመቀ፥ ዘለበቱም ካብረቀረቀ ይበቃል ተብሎ ይታዘዛል፤ ገዢውም በቆመበት ለክቶ፥ ከፍሎ ይሄዳል። ሆኖም ጫማ የሚመዘነው በመስኮት ሳይሆን በመንገድ ነው። የከተማውን መንገድ፥ የአገሩን ወቅትና የገዢውን እግር ሳያውቁ የሚያዝዙት ሰንደል፥ ምንም ያህል ቢያምር፥ አንድ ጊዜ ይሸጣል እንጂ ደንበኛ አያፈራም።

ይህንን ጸሐፊው በራሱ እግር ተምሮታል። አንድ ጊዜ ለዲላ ጉዞ ብሎ፥ ለሠርግ እንኳ የማያሳፍር ቡናማ ሰንደል ገዛ። የመጀመሪያው ቀን ሳይጋመስ ተረከዙ ተላጠ፤ በማግሥቱ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲሄድ የፊተኛው ጠፍር ከሶሉ ተነቅሎ ወጣ። በመንገድ ዳር የተቀመጠ አንድ ጫማ ሰፊ ጠፍሩን ገልብጦ አየና፥ «ጋሼ፥ ይህ እኮ በማስቲሽ ብቻ ነው የተያዘው፤ ክር የሚባል ነገር አልገባበትም» አለ። ሰፊው በአንድ አፍታ ያየውን ባለሱቁ ሳያይ ሸጦታል፤ ጸሐፊውም ሳያይ ገዝቶታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሐፊው ወደዚያ ሱቅ አልተመለሰም። የንግድ ትርፍና ኪሣራ እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ላይ ይወሰናል።

መንገዱንና መንገደኛውን ማወቅ

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ወናጎና ይርጋጨፌ ይከተላሉ፤ ወደ ምሥራቅ ሲወጡ ደግሞ የቡሌ ደጋ ይገኛል። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ይህም ቅርስ ከመኪና መስኮት ሆኖ የሚታይ አይደለም። ትላልቅ ዛፎች ጥላ ሆነው፥ ከጥላው ሥር እንሰት፥ ከእንሰቱም ሥር ቡና ተደራርበው የሚበቅሉበት ተዳፋት ምድር ስለ ሆነ፥ ሊያየው የሚፈልግ ሰው በእግሩ መሄድ አለበት። በተራራው ጫፍ ላይ የቆሙት የጨልባ ቱቱቲና የቱቶ ፈላ ትክል ድንጋዮችም እንዲሁ በእግር የሚጐበኙ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የታተመ የምርምር ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፥ በሳካሮ ሶዶ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች በአንደኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. የቆሙ ናቸው። እንዲህ ያለው ዕድሜ ጠገብ ቅርስ ጐብኚን የሚጠራ መሆኑ አያጠራጥርም።

ታዲያ በዲላ ሰንደል የሚገዛው ማን ነው? አንደኛው በከተማውና በአካባቢው በእግሩ ለመዘዋወር የመጣው ጐብኚ ነው። ሁለተኛው የይርጋጨፌን ቡና በማጠቢያ ጣቢያው ተገኝቶ ለማየት የሚመጣው የውጭ አገር ቡና ገዢ ነው። ሦስተኛው በውጭ አገር ኖሮ ዘመዶቹን ለመጠየቅ የሚመለሰው ወገናችን ነው። አራተኛውና ከሁሉ የሚበዛው ግን የከተማው ነዋሪ ራሱ ነው፤ መምህሩ፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፥ የዩኒቨርሲቲው ተማሪና በገበያ የምትውለው ነጋዴ። እንግዳው በዓመት አንድ ጊዜ ይገዛል፤ የከተማው ሰው ግን ልጆቹን አስከትሎ ደጋግሞ ይመጣል። ስለዚህ ለእንግዳ ተብሎ የሚመረጠው ጫማ ለነዋሪውም የሚሆን እንደ ሆነ ባለሱቁ ሁለት ገበያ በአንድ መደርደሪያ ያገኛል።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ዐይነት መንገድ ይረግጣሉ። አስፋልቱ ጠንካራና ሞቃት ስለ ሆነ ድካሙን ወደ ተረከዝ ይመልሳል። ኮብልስቶኑ ጠርዝና ክፍተት ስላለው፥ ሶሉ የሳሳ እንደ ሆነ የድንጋዩ ጫፍ ውስጠ እግርን ይወጋል፤ ታኮው የቀጠነ እንደ ሆነም በክፍተቱ ገብቶ ቁርጭምጭሚትን ይጠመዝዛል። ቀዩ አፈር በደረቀ ጊዜ አቧራ፥ በረጠበ ጊዜ ድጥ ነው። በአንዱ መንገድ ላይ ብቻ የሚመች ጫማ ለዲላ የእግር ጉዞ አይበቃም።

የወቅት መገለባበጥና የአስመጪው ዕድል

በውጭ አገር ካታሎግ ላይ «የበጋ ሰንደል» ተብሎ ሲጻፍ የአውሮፓ ፋብሪካ የሚያስበው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን የራሱን ሙቀት ነው። በእኛ አገር ይህ ጊዜ ክረምት ነው። በጌዴኦ ምድር ደግሞ ዝናቡ በአንድ ወቅት ብቻ አይወሰንም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፥ እንደገናም በክረምቱ ማብቂያ በርትቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለሰንደል የሚስማማው ደረቅ ወቅት በአብዛኛው ከኅዳር መገባደጃ እስከ የካቲት ነው። ይህም ከቡናው ገቢ፥ ከገናና ከጥምቀት፥ እንዲሁም በጥር ወር ግድም ከሚከበረው ከጌዴኦ የደራሮ በዓል ጋር ይገጣጠማል።

ከዚህ የተነሣ አስተዋይ አስመጪ ሁለት ጥቅም ሊያገኝ ይችላል። የሰሜኑ ዓለም ነጋዴዎች በጋቸው ሲያልቅ የቀራቸውን ሰንደል በነሐሴና በመስከረም በቅናሽ ያወጣሉ፤ ያ ዕቃ በጊዜው ተገዝቶና በጅቡቲ በኩል ገብቶ ለኅዳር ከደረሰ፥ ለእነርሱ ያለቀው ወቅት ለእኛ መጀመሪያው ይሆናል። ነገር ግን በቅናሽ የሚወጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ የቁጥር ድርድሩ የጐደለ ነው፤ ፈላጊ የበዛባቸው መካከለኛ ቁጥሮች አልቀው ዳርና ዳሩ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የየቁጥሩን ብዛት በዝርዝር ሳይቀበሉ ገንዘብ መላክ አይገባም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ የሚወሰን ስለ ሆነም፥ ዋጋ በተነጋገሩበት ቀንና በከፈሉበት ቀን መካከል ያለውን ልዩነት በሒሳብ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

በጉምሩክ በኩል ሰንደል የሚመደበው በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ በምዕራፍ 64 ውስጥ ነው። ሶሉም የላይኛው ክፍሉም ጎማ ወይም ፕላስቲክ የሆነው በ6402፥ የላይኛው ክፍሉ ቆዳ የሆነው በ6403፥ የላይኛው ክፍሉ ጨርቅ የሆነው በ6404 ይመዘገባል። በጣት መካከል የሚገባውና ጠፍሩ በሶሉ ቀዳዳ ተሰክቶ የሚያዘው የጎማ ነጠላ ጫማ በ6402.20 የራሱ መስመር አለው። ደረሰኙ ላይ «ሰንደል» ብቻ ብሎ ከመጻፍ የላይኛው ክፍልና ሶሉ ከምን እንደ ተሠራ መግለጽ ክርክርንና መጉላላትን ይቀንሳል።

ሰንደሉን በእጅ መፈተን

ዕቃው ናሙና ሆኖ ሲቀርብ ባለሱቁ በአምስት ደቂቃ የሚፈጽማቸው ፈተናዎች አሉ።

አንደኛ፥ ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዞ ማጠፍ ነው። መልካም ሰንደል የሚታጠፈው ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መካከሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ከሆነ ውስጠ እግርን አይደግፍም፤ ከቶ የማይታጠፍ ከሆነም እግሩን እንደ ሳንቃ ያደክማል።

ሁለተኛ፥ ጠፍሮቹን መመልከት ነው። ለረጅም ጉዞ የሚሆን ሰንደል እግርን በሦስት ቦታ ይይዛል፤ ከጣቶች በላይ፥ በእግሩ ጀርባና ከተረከዝ በስተኋላ። የተረከዝ ጠፍር የሌለው ጫማ እንዳይወልቅ ሰውየው በየእርምጃው ጣቶቹን ይጨብጣል፤ ከሰዓት በኋላ እግሩ የሚዝለው ስለዚህ ነው። ጠፍሩ በሶሉ ውስጥ ጠልቆ በክር የተሰፋ እንጂ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ እንዳይሆን ሳብ አድርጎ ማየት ነው።

ሦስተኛ፥ ጣትን በውስጥ በኩል ማዞር ነው። በጣት የሚሰማ ስፌት፥ የዘለበት እግር ወይም የቆዳ ጠርዝ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ቁስል ይሆናል።

አራተኛ፥ ሶሉን በውሃ አርሶ በለስላሳ ሲሚንቶ ላይ መርገጥ ነው። ደረቅ ሳለ የማያዳልጥ፥ ሲረጥብ ግን እንደ ሳሙና የሚሆን ጫማ ለዲላ አይበጅም።

አምስተኛ፥ ማሰሪያው በቀላሉ የሚፈታና የሚታሰር መሆኑን ማየት ነው። የአገራችን ጐብኚ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ጫማውን ያወልቃል፤ ላሊበላ ሲሄድ በየቤተ መቅደሱ፥ ሐረር ሲሄድ በየቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። በየጊዜው ጎንበስ ብሎ ሦስት ዘለበት የሚፈታ ሰው ጫማውን ያማርራል።

ስለ ሶል የተለየ ማስጠንቀቂያ አለን። ኢ.ቪ.ኤ. የሚባለው ሶል ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ግን በጊዜ ብዛት ይጨፈለቃል። ጎማ ይከብዳል፤ ነገር ግን መንገድ ይይዛል፥ ይበረክታል። ፒ.ቪ.ሲ. ርካሽ ነው፤ ሲረጥብ ያዳልጣል፥ በብርድ ይደርቃል። ፖሊዩሪቴን ለእግር ይመቻል፤ ይሁን እንጂ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ እንደ ሆነ፥ ሳይደረግ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ይፈረፈራል። ከመጋዘን የቆየ ዕቃ በርካሽ የሚገዛ ነጋዴ መቼ እንደ ተሠራ ሳይጠይቅ አይግዛ።

ቁጥርና ስፋት

የአውሮፓ ቁጥር እያንዳንዱ የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ የእንግሊዝ ቁጥር ግን የኢንች አንድ ሦስተኛ ነው። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ስላልሆኑ አንዱ ፋብሪካ 42 የሚለውን ሌላው በእንግሊዝኛው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። በተጨማሪም 42 ቁጥር የሚለካው የጫማው ቅርጽ 28 ሴንቲ ሜትር መሆኑን እንጂ የሰውየው እግር ያን ያህል መሆኑን አይደለም። ስለዚህ አስመጪው ከፋብሪካው ጋር በሚሊ ሜትር ቢነጋገር ከስሕተት ይድናል።

ከርዝመቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ስፋቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ባዶ እግሩን ወይም በክፍት ጫማ የተራመደ ሰው እግሩ ከፊት በኩል ሰፋ ያለ ይሆናል፤ በጠባብ ቅርጽ የተሠራ ሰንደል ሲያደርግ ትንሿ ጣቱ ከሶሉ ውጭ ትቀራለች። ባለሱቁ የሃያ ደንበኞቹን እግር በወረቀት ላይ በእርሳስ ቢያስከብብና ያንን ለአስመጪው ቢሰጠው፥ አስመጪውም ለፋብሪካው ቢልከው፥ ከብዙ ደብዳቤ ይልቅ ይጠቅማል። ደንበኛውም ጫማውን የሚለካው ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር በቀኑ ርዝመትና በሙቀት ያብጣልና። በሱቁ ውስጥ አንድ ተዳፋት ሳንቃ ቢቀመጥና ገዢው ሽቅብና ቁልቁል ቢራመድበት፥ ቁልቁል ሲወርድ ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ አልፈው የሚወጡ መሆናቸው ወዲያው ይታያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ ሳንቃ ዋጋ ብቻ ነው።

ውበትን በሚመለከት፥ ነጭ ሰንደል በመስኮት ያምራል፤ በጌዴኦ ቀይ አፈር ላይ ግን በአንድ ቀን ቀለሙን ይለውጣል። ቡናማ፥ የቡና ቆሎ መሳይና ጥቁር ቀለም አቧራውን ይሸሽጋል፥ ከሥራ ልብስም ከበዓል ልብስም ጋር ይሄዳል። ለወይዛዝርት ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሰፊ ታኮ ቁመናን ያሳምራል፥ ኮብልስቶኑንም አይፈራም።

በአገር ውስጥ ያለው ሀብት

ስለ ውጭ ዕቃ ይህን ያህል ካልን፥ በደጃችን ያለውን መርሳት አይገባም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ በአገራችን ገበሬና ወታደር እግር ላይ ረጅም ዘመን ያገለገለ ነው፤ በመርካቶ በምን አለሽ ተራ የጎማው ቁራጭ ዛሬም ወደ ጫማ ይለወጣል። ሶሉ በኮረኮንች አይበሳም፥ ቶሎም አያልቅም። ጉድለቱ ልስላሴ የሌለው መሆኑ ነው። ይህን ጉድለት አሟልቶ በረባሶን ወደ ዓለም ገበያ ያወጣው ሶልሬብልስ የተባለው ድርጅት ነው። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር ያቋቋሙት ይህ ድርጅት፥ የጎማውን ሶል በእጅ ከተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ጋር አዋሕዶ በውጭ አገር ሸጧል። የድኻ ጫማ ይባል የነበረው፥ ውስጡ ሲለሰልስና መልኩ ሲያምር፥ የባለገንዘብ ጫማ ሆነ።

ላኪዎቻችንና ሠሪዎቻችን ከዚህ የሚማሩት አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ የሚሄደው መኪና በሞጆ ሲያልፍ የቆዳ ፋብሪካዎችን እያየ ነው የሚያልፈው፤ የባቲ ፍየል ሌጦም በዓለም የቆዳ ገበያ በስሙ የታወቀ ነው። የቆዳ ጠፍር፥ የቆዳ ውስጥ ሶልና ከሥሩ የጎማ ሶል ያለው ሰንደል በዲላ ጫማ ሰፊዎች እጅ ሊሠራ የማይችል አይደለም። የቆዳው ውስጥ ሶል ላብ ይመጥጣል፥ ከቀናት በኋላም የባለቤቱን እግር ቅርጽ ይይዛል፤ የረጠበ ጊዜ በእሳት አጠገብ ሳይሆን በጥላ ሊደርቅ ይገባዋል። ትክል ድንጋዩን አይቶ የሚመለስ እንግዳ በዚያው ከተማ የተሠራ ጫማ አድርጎ ቢሄድ፥ ከፎቶግራፍ የበለጠ ማስታወሻ ነው። በተበጠሰም ጊዜ በመንገድ ዳር ያለው ሰፊ ይጠግነዋል፤ በቅርጽ የተነፋ ፕላስቲክ ግን ከመጣል በቀር መድኀኒት የለውም።

«ይህስ አይሆንዎትም» ማለት

በመጨረሻ ከትርፍ በላይ ስለ ሆነ ነገር እንናገር። በደጋማና ዝናም በበዛባቸው የአገራችን ክፍሎች፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሚሠራ ሰው ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው የእግር ማበጥ በሽታ ሊያዝ ይችላል። በ1960ዎቹና ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ከአፈሩ እንጂ ከትንኝ የማይመጣ መሆኑን አስረድተዋል። መከላከያውም እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። ነገር ግን ክፍት ጫማ አፈሩን አያግድም። ስለዚህ በእርሻ ላይ ለሚውል ገበሬ፥ በቡና ለቀማ ለምትውል እናት፥ አፈር ለሚጫወት ሕፃን የሚሸጠው የተዘጋ ጫማና ካልሲ ሊሆን ይገባዋል። በዝናም ጊዜ ወደ ቡሌ ደጋ ወይም በቁልቁለት ወደ ትክል ድንጋዮቹ ለሚወጣ እንግዳም እንዲሁ።

ሰንደል ሊገዛ የመጣን ሰው «ጋሼ፥ ለከተማው ይህ ይበቃዎታል፤ ለእርሻው ግን ያንን ይውሰዱ» የሚል ባለሱቅ በዚያ ቀን ምናልባት ያነሰ ያተርፍ ይሆናል። ሆኖም ያ ገበሬ በሚቀጥለው የቡና ወቅት ልጆቹን ይዞ የሚመጣው ወደዚያው ሱቅ ነው። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዳሉት፥ የደንበኛ እምነትም በአንድ ቀን ሳይሆን በጥንድ በጥንድ ጫማ ይገነባል።

ኅዳር ሳይገባ መደርደሪያችሁን ተመልከቱ፤ ጠፍሩን ሳቡ፥ ሶሉን እጠፉ፥ ደንበኛችሁንም በሳንቃው ላይ አስኪዱ። ገበያው ይቅናችሁ።